የግራው በሬ

ሐምሌ 22 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ዓርብ፣ ለጠዋቱ አንድ ሰዓት ትንሽ ሲቀረው ጌታሁን ቀንበር ተሸክሞ ከደጄ ቆመ። ሰዓቱን የማስታውሰው ከአጥሩ ማዶ የጎረቤቴ የባዬ ሬዲዮ የአንድ ሰዓቱን ዜና ሊጀምር ሲል ስለነበር ነው። ዝናቡ ሲነጋጋ አባርቶ ነበር፤ በቡሬ በኩል ግን ሰማዩ እንደጠቆረ ነው።

የመጣው በሬዬን ቦራን ለግማሽ ቀን እንድሰጠው ነው። ረቡዕ የሱን ማሳ ጤፍ ዘርተንበት ነበር፤ ፈሰስ ግን አላወጣንለትም። ፈሰስ ማለት የዝናቡ ውኃ ዘሩን ጠርጎ እንዳይሄድ በማሳው ላይ አግድም፣ በጥቂቱ ብቻ ዘንበል ተደርጎ በበሬ የሚወጣ የውኃ መንገድ ነው። የጤፍ ዘር አፈር አይለብስም፤ ከላይ ነው የሚያርፈው። ፈሰስ ላልወጣለት የጤፍ ማሳ አንድ ከባድ ዝናብ ይበቃዋል። ሐሙስ ማርያም ነበረች፣ አልተሠራም። ቅዳሜና እሑድ አይታረስም። በመካከል የቀረችው ያቺ ዓርብ ብቻ ናት። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ ሚስቴ ውዳሴም ከጓዳ ሆና ታውቃለች።

የመለስሁለትን ከመጻፌ በፊት መልሱን አፌ ላይ ያመጣውን ነገር ልጻፍ።

እኔና ጌታሁን አሥራ አንድ ዓመት መቀናጆ ነበርን። ሁለታችንም ያለን አንድ አንድ በሬ ነው። የኔን ከሱ ጋር እናጣምድና ሁለት ቀን የሱን መሬት፣ ሁለት ቀን የኔን መሬት እናርሳለን። በመቀናጆ የሚያርስ ሰው የራሱ ቀን የለውም፣ ያለው ተራ ነው። የኔ ቦራ ለግራ የተገራ ነው፣ የሱ ዳልቻ ለቀኝ። በሬ ሲገራ አንድ ወገን ይይዛል፤ ከያዘ በኋላ ዕድሜውን ሙሉ እዚያው ነው። የቀኙን በሬ በግራ ብታስገባው ጓደኛውን ይገፋል፣ ይሸሻል፣ ትልሙ ይጣመማል። ስለዚህ መቀናጆ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሰውየው ጠባይ አይደለም፣ ስለ በሬው ወገን ነው። በሰፈራችን ጥንድ በሬ ካላቸው ሰዎች በቀር የግራ በሬ ያለኝ እኔ ብቻ ነበርሁ።

ጌታሁን ወደ ቤታችን የመጣው ከፈረስ ቤት ከተማ በኩል ነው። እናትና አባቱ ሞተውበት አባቴ ወልደ ዮሐንስ ቀጠረው። ዕድሜያችን እኩል ነበር። አባቴ የእርሻን ነገር ሁሉ በየስሙ እንድንጠራ የሚያስገድድ ሰው ነበር። ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ወገሉን፣ ምራኑን በእጃችን እያስነካ ያስቆጥረናል። ማሳ ላይ ድግር ቢሰበር ወደ ቤት የተላከው ሰው «ያቺ ከማረሻው ጎንና ጎን ያለችው እንጨት» እያለ ከቆመ በሬዎቹ ቆመው ይውላሉ። «ድግር» ካለ ግን እናቴ ከጣራው ሥር መዝዛ ትሰጠዋለች። ዝናብ ሊመጣ ሲል ያ ትልቅ ነገር ነበር።

ጠዋት ጠዋት በሬ ከመጥመዳችን በፊት «ዛሬ ምን ልናደርግ ነው?» ብሎ ይጠይቀናል። «ልናርስ ነው» ያለ ልጅ ቁርስ አይሰጠውም። መሬቱ መጀመሪያ ሲታረስ መገመስ ነው፣ ሁለተኛው ማየም፣ ሦስተኛው መሠለስ። የሚገምስ ሰው ደረቁን መሬት ይሰብራል፣ እርፉን ተጭኖ ይይዛል። የሚሠልስ ሰው ሌላ እጅ ነው የሚይዘው፤ አፈሩ ልሟል፣ ከተጫነው ማረሻው ጠልቆ ይቀበራል፣ በሬም ይደክማል። አባቴ የሚፈልገው የሥራውን ስም ሰምቶ እጃችን ራሱ እንዲያውቅ ነው። ጌታሁን አንድ ጊዜ ሰምቶ ይይዛል። ቁርስ ሳይበላ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እኔ ነበርሁ።

አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነን ለሁለታችንም ጉልማ ሰጠን። ጉልማ ጎረምሳ የራሱን ዘርቶ የራሱን እንዲያጭድ የሚሰጠው ቁራሽ መሬት ነው። የኔ ከቤቱ ጀርባ ድንጋይ የበዛበት ነው። የሱ ከወንዙ በላይ ያለው ዋልካ፣ ጥቁር አፈር፣ ስትጨብጠው እንደ ሊጥ የሚሆን ነው። እናቴ እንኳ ነገሩ ከንክኗት ጠየቀችው። አባቴ ያ መሬት ውኃ ይይዛል፣ ጌታሁን ደግሞ ውኃ ማስወጣት ያውቃል አላት። እኔም ከደጅ ሆኜ ሰማሁ። በ1989 መሬት ሲሸጋሸግ ያው ቁራሽ ተጨማምሮበት በጌታሁን ስም ወጣ። ያን ዓርብ ፈሰስ ሊያወጣበት የነበረው ማሳ ይህ ነው።

ይህን ሁሉ ረስቼው ኖርሁ ማለት እችላለሁ። አድገናል፣ አግብተናል፣ ልጆቻችን አብረው ተጫውተዋል። አባቴ ሲሞት ሬሳውን ከፊት የያዝነው እኔና እሱ ነበርን። ነገሩን መልሳ የቆፈረችው ያምሮት ናት፤ እሷም ሳታውቅ።

ያምሮት የግብርና ባለሙያ ናት። የቡሬ ልጅ ናት፣ ትምህርቷን ጨርሳ በመጋቢት ተመደበችልን። ከሷ በፊት የነበረው ባለሙያ ሰው ሰብስቦ «ድሬይኔጅ አውጡ» ብሎን ሄዶ ነበር። እኛም ይህ ድሬይኔጅ የሚሉት የት እንደሚሸጥ ስንጠያየቅ ከረምን። ፈሰስ ማለቱ እንደሆነ የገባን ዝናቡ ካለፈ በኋላ ነው። ያምሮት ይህን ሰምታ ስቃ ስታበቃ ደብተር አወጣች። ገበሬው የሚጠራበትን ስም ሁሉ ጽፋ ለአዲስ ባለሙያዎች የምትሰጥ ትንሽ መጽሐፍ ልታዘጋጅ እንደሆነ ነገረችን። የድሮ እርሻ ቃል የሚያውቅ ሰው ንገሩኝ አለች።

እኔ ከቤቴ ሆኜ ጠበቅኋት። ሸሚዜን አሳጠብሁ። ውዳሴን ጠላ እንድትጠምቅ ነገርኋት፤ የአባቴን አሮጌ ሞፈርም ከጎተራው ኋላ አውጥቼ ከግድግዳው አስደገፍሁት። የወልደ ዮሐንስ ልጅ እያለሁ ሌላ ማን ጋ ትሄዳለች ብዬ ነበር። በሦስተኛው ቀን በደጄ አልፋ ወደ ጌታሁን ቤት ስትገባ አየኋት። ጠላውን ባዬ መጥቶ ጠጣው።

ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ እዚያው ናት። እነሱ ማሳው ጫፍ ተቀምጠው እኔ በአጥሩ ሥር አረም እየነቀልሁ እሰማለሁ። «አያ ጌታሁን፣ ይችስ ምን ትባላለች?» ትለዋለች። እሱ ይነግራታል። ድምፁ የሱ ነው፣ አነጋገሩ ግን የአባቴ። አባቴ ምራን የሚባለውን ጠፍር ሲጠራ ጣቱን እንደሚያጥፍ፣ እሱም እንደዚያው ያጥፋል። ሰውየው ከሞተ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ እኔ በሕልሜ አላገኘሁትም፣ ጌታሁን ግን በአፉ ይዞት ይዞራል። አረሙን ትቼ በርበሬውን ነቀልሁ።

ግንቦት ላይ ቀበሌው ሲሰበሰብ ያምሮት ቃሎቹን ከደብተሯ አነበበች። ስልሳ ያህል ይሆናሉ። በመጨረሻው ይህን ሁሉ ያገኘሁት ከአርሶ አደር ጌታሁን ነው አለች፤ ሰው አጨበጨበ። እሱም ከተቀመጠበት ብድግ ብሎ እጅ ነሳ። ባዬ ከጎኔ ነበር፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፦

«ምነው ወንዳወቅ፣ ያንተ አባት ቤት ቃል ነጥፎ ነው ከጌታሁን ቤት የሚቀዳው?» አለኝ።

ባዬ እንዲህ እያለ መቀለድ ይወዳል። ለኔ ግን ቀልድ አልሆነልኝም። ወደ ቤት ስንመለስ ጌታሁን እንደ ሁልጊዜው ከጎኔ ይሄዳል። ወንዙን ስንሻገር ጠየቅሁት።

«የአባቴን ቃል ስትሰጥ ስሙን ብትጠራ ምን ነበረበት?»

«ልጅቱ እኮ ይኼ ምን ይባላል ብላ ነው የጠየቀችኝ። ማን ነገረህ አላለችኝም።»

«ባትልህስ?»

ቆመ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። «ቃል ርስት ነው እንዴ፣ ወንዳወቅ? ያረሰበት ሁሉ ይጠራዋል» አለኝ።

ርስቱንም ወስደኸው የለ ልለው ነበር። ዳገቱን ስንወጣ ሁለት ጊዜ ቆሞ አረፈ። እኔ ደግሞ ከኔ ጋር መሄድ አስጠልቶት ወደ ኋላ የሚቀር መሰለኝ። ከሚያዝያ ጀምሮ እንደዚያ ይተነፍስ እንደነበረ ሚስቱ አደይ የነገረችን ከሞተ በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 20፣ የሱን ጤፍ የዘራን ቀን፣ ያምሮት ስልኳን ይዛ መጣች። ለመጽሐፉ ፎቶ ልታነሳ ነው። ጌታሁን እርፉን ይዟል፣ እኔ በግራ በኩል ከቦራ ራስ አጠገብ ነኝ። አንዴ አነሳችና ስልኩን አየችው። ከዚያ በትሕትና፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ «አያ ወንዳወቅ፣ ትንሽ ፈንጠር ይበሉልኝ፣ በሬዎቹንና አያ ጌታሁንን ብቻ ነው የምፈልገው» አለችኝ።

ፈንጠር አልሁ። በሬዬ ፎቶው ውስጥ ገባ፣ እኔ ወጣሁ። ጌታሁን እርፉን እንደያዘ ወደኔ ዞር ብሎ ፈገግ አለ፤ በእኔ የሳቀ መሰለኝ። ለፎቶው ሦስት ጊዜ አመላለሰችን። በዚያ መሐል ቀኑ ዘነበለ፣ እሱም በየትልሙ ጫፍ እየቆመ ስለሚያርፍ ሥራው ዘገየ። ዘሩ አልቆ ፈሰስ ልናወጣ ስንል ካፊያው ጀመረ፣ ጨለማውም መጣ። ነገ ማርያም ናት፣ ዓርብ ጠዋት እናወጣዋለን አለ። ዓርብ ደግሞ ተራው የኔ ነው። ይህን እያወቅሁ ዝም አልሁ።

ወደ ዓርቡ ልመለስ።

«ለግማሽ ቀን ነው» አለኝ ጌታሁን። ቀንበሩን ከትከሻው አላወረደም። «ቀትር ሳይሆን እመልስልሃለሁ።»

«ተራው የኔ ነው።»

«አውቃለሁ። ሰኞን ሙሉውን፣ ማክሰኞንም ጨምረህ ውሰድ።»

«ዛሬ ቡሬ እሄዳለሁ።»

«እንግዲያ በሬው ሥራ ፈት ነዋ።»

«ይረፍ። ፎቶ ሲነሳ ውሎ ደክሞታል።»

መጀመሪያ የቀለድሁ መስሎት ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ። ቀንበሩን ከቀኝ ትከሻው ወደ ግራው አዛወረ። «እሺ እንግዲህ» አለና ሄደ። ውዳሴ በሩ ላይ ነበረች። የያዘችውን ውኃ እግሬ ሥር ደፍታ ገባች።

ቡሬ ጉዳይ አልነበረኝም። ካልሁ ግን መሄድ አለብኝ ብዬ ሄድሁ። ቦራን በረት ውስጥ አስሬ፣ ድርቆሽ ሰጥቼ፣ ጃንጥላዬን ይዤ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ። ከተማው ውስጥ ከኢሳ ሱቅ ደጅ ተቀመጥሁ። ኢሳ ገመድና የእርሻ ብረት የሚሸጥ የቆየ ወዳጃችን ነው፤ አባቴም ማረሻ የሚገዛው ከአባቱ ነበር። ዓርብ በዚህ በሐምሌ ገበሬ ከተማ ምን ይሠራል ብሎ ጠየቀኝ። በሬዬ ታሞብኝ ነው አልሁት። አላህ ይማረው፣ እግሩን ነው ሆዱን ብሎ አጥብቆ ጠየቀኝ። እግሩን አልሁት። የትኛውን እግሩን አለኝ። ለጁምዓ ሱቁን ሊዘጋ ሲነሳ እኔም ከዚያ ጥያቄ ተገላገልሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ ዝናቡ መጣ። የቡሬ ሰው ሁሉ በየበረንዳው ተጠለለ። ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ ሰው ከሰው አይሰማማም ነበር። እኔ ያን ጊዜ በልቤ የማየው ዋልካውን ነው። እውነቱን እጽፋለሁ፤ ያዘንሁት በኋላ ነው። መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነበር። እስቲ አሁን ውኃ ማስወጣት የሚያውቀው ያውጣው አልሁ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከአስፋልቱ ወርጄ ወደ ሰፈር ገባሁ። መንገዱ በጌታሁን ማሳ ራስጌ ነው የሚያልፈው። ያየሁትን ልንገራችሁ። ባዬ በሬውን አውሶት ኖሯል። የባዬም በሬ የቀኝ ነው። ጌታሁን ሁለት የቀኝ በሬዎች ጠምዶ ሞክሯል። አንዱ ፈሰስ መሐል ላይ ተቋርጦ ቀርቷል። ሌላው እንደ እባብ ተጠማዟል። ሦስተኛው፣ በሬዎቹ ሲጋፉ ማረሻው አምልጦ፣ አግድም መሄዱን ትቶ ቁልቁል ወርዷል። የማሳው ውኃ በሙሉ ያችን ቁልቁል አግኝቷል። አፈሩን እየቆረጠ፣ ዘሩን ይዞ፣ ጠቁሮ ወደ ወንዙ ይወርዳል።

በሬዎቹ አልነበሩም። ጌታሁን ብቻውን ነው። በዶማ አፈር እየቆፈረ፣ ድንጋይ እየተሸከመ የፈሰሱን አፍ ሊዘጋ ይታገላል። ጋቢውን ጥሎታል፣ ሸሚዙ ከገላው ተጣብቋል። አንድ ድንጋይ ያስቀምጣል፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይይዛል፣ ሌላ ሊያመጣ ይሄዳል። ሲመለስ የመጀመሪያውን ውኃ ወስዶታል።

ያየኝ እንደሆነ አላውቅም። ጃንጥላዬን በሱ በኩል ዝቅ አድርጌ አለፍሁ።

ቅዳሜና እሑድ ከቤት አልወጣሁም። ሰኞ ጠዋት፣ ሐምሌ 25፣ የደጄ አጥር ሲንኳኳ ወጣሁ። አደይ ናት። ነጠላዋን አገልድማ ዳልቻን በገመድ ይዛ ቆማለች።

«ተራህ ነው ብሏል» አለችኝ።

«እሱስ?»

«ትኩሳት አለው። ዓርብ ዝናብ መትቶት።»

ገመዱን አቀበለችኝ። በረቱ ውስጥ ቆሞ ወደሚያመነዥከው ወደ ቦራ አንድ ጊዜ አየች፣ ሄደች። ዳልቻን ይዤ ቆምሁ። መመለስ እችል ነበር። ገብቼ ልጠይቀው እችል ነበር። ነገር ግን ሰኞ ናት፣ የኔም ጤፍ አልተዘራም፣ ተራውም የኔ ነው። ጠመድሁ።

እንደዚያ ቀን የቀና እርሻ አላስታውስም። ቦራና ዳልቻ በቃል ብቻ ይሄዱልኛል፤ ጅራፍ አላነሳሁም። ዘራሁ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አራት ፈሰስ አወጣሁ፤ አንዱም አልተጣመመም። በያንዳንዱ ትልም ግን ሐሳቤ እሱ ላይ ነበር። ይህን በሬ የላከልኝ ሊያሳፍረኝ ነው እያልሁ አረስሁ። አገሩ ሁሉ የጌታሁንን ደግነት እንዲያወራ፣ አደይም በሬ ስትጎትት እንድትታይ ነው አልሁ። በደግነትም በለጠኝ ብዬ ተናደድሁ።

ሐሙስ ጌታሁንን በባጃጅ ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል ወሰዱት። ቅዳሜ ልጠይቀው ሄድሁ። ውዳሴ ካልሄድህ ከዚህ ቤት አትበላም ብላኝ ነው። አልጋው ላይ ተደግፎ ተቀምጧል፤ ዐይኑ ጎድጉዷል። አደይ ውኃ ልታመጣ ስትወጣ ሁለታችን ቀረን። ስለ ዓርብ ሊያነሳብኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ፈሰስህን አወጣህ?» አለኝ።

«አወጣሁ።»

«ወዴት ጣልኸው?»

«ወደ ድንጋዩ፣ በወሰኑ በኩል።»

«ጥሩ። አባትህም ወደዚያ ነበር የሚጥለው።»

አደይ ገባች። ይህን ሲለኝ ያምሮት አልነበረችም፣ የጻፈውም ሰው የለም። አሁን እኔ ጻፍሁት።

ነሐሴ 4፣ ረቡዕ ጎሕ ሲቀድ ሞተ። ሐኪሙ የሳንባው ሕመም የቆየ ነው፣ የወራት ነው ብሎ ለአደይ ነግሯታል። ውዳሴ ይህን ስታፅናናኝ ደጋግማ ትነግረኛለች። እኔም ለሰው ስናገር እንደሱ እላለሁ።

በሣልስቱ ድንኳን ውስጥ ያምሮት ተነስታ ከደብተሯ አንዳንድ ቃል ላንብብ አለች። ሰው ፈቀደላት። ሞፈር ብላ አነበበች፣ እርፍ ብላ አነበበች፣ ወገል፣ ድግር፣ ማነቆ። ስትቀጥል መገመስ፣ ማየም፣ መሠለስ አለች። ሴቶቹ በያንዳንዱ ቃል ደረታቸውን ይመታሉ። ሽማግሌዎች ጋቢያቸውን ወደ ዐይናቸው አነሱ። ለአባቴ ለቅሶ እንደዚያ አልተለቀሰም። እኔም አለቀስሁ፣ ከሁሉ በላይም ጮኼ ነው ያለቀስሁት። ሰው ለመቀናጆው ሲያነባ አየኝ። እኔ ግን ያነባሁት በአባቴ ቃል ለሌላ ሰው ስለተለቀሰ ነው። የሞተ ሰው ላይ ቀናሁ። ይህን ከዚህ በፊት ለማንም አልተናገርሁም።

ሰው ሲበተን ያምሮትን ደብተሩን አሳዪኝ አልኋት። ፊደል የለየሁት ከልጄ ደብተር በራሴ ነው፤ ቀስ እያልሁ ነው የማነብ። ሰጥታኝ ወደ አደይ ገባች። ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ የአባቴን ስም ፈለግሁ። የለም። በየገጹ ራስጌ ቀን ተጽፏል። የመጨረሻው ገጽ ሐምሌ 26 ይላል፣ ማክሰኞ፣ እኔ ሰኞን በሱ በሬ አርሼ ባደርሁ ማግስት፣ እሱ በትኩሳት ተኝቶ ሳለ። ኋላ እንደነገረችኝ፣ ልትጠይቀው ገብታ የጎደላት ቃል ካለ እንድትጽፍ ራሱ አሳስቧት ነው። በዚያ ገጽ ላይ አንድ ቃል ብቻ ነው ያለው። እንዲህ ይላል፦

«መቀናጆ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬያቸውን አጣምደው በተራ የሚያርሱበት ስምምነት። ምሳሌ፦ እኔና ወንዳወቅ መቀናጆ ነን።»

ብዙ ጊዜ አነበብሁት። ይቅር ብሎኝ ነው እንዳልል፣ ምሳሌ ሲጠየቅ አፉ ላይ የመጣለት ቅርብ ነገር ይህ ሊሆን ይችላል። ቅናቴን ያውቅብኝ ነበር እንዳልልም፣ «ነን» ነው ያለው፣ «ነበርን» አላለም። ያን ደብተር ይዤ እንኳ ልቤ አልተመለሰም። «እኔ» ብሎ ራሱን አስቀድሟል አልሁ። ያምሮት ስትመለስ ደብተሩን ዘግቼ ሰጠኋት። የኔን ስም ማንበቤን አይታ ኖሮ፣ አያ ወንዳወቅ፣ ለመጽሐፉ የቀረ ቃል ካለ እርስዎ ይነግሩኛል ወይ አለችኝ። የለም፣ ሁሉንም ነግሮሻል አልኋት።

የዚያ ዓመት ጤፌ ከሰፈሩ ሁሉ ያማረ ነበር። በጌታሁን ማሳ ከዳር ዳሩ በቀር የበቀለ የለም። ቁልቁል የወረደው ፈሰስ ክረምቱ ሲያልቅ ቦረቦር ሆነ፤ ጎረምሳ ገብቶ ቢቆምበት እስከ ወገቡ ይውጠዋል።

ከአርባው በኋላ ሁለት ሽማግሌ ወደ አደይ ላክሁ። የባሏን በሬ ከኔው በሬ ጋር አጣምጄ፣ የሱን ተራ ሳላጎድል መሬቷን ላርስላት አልሁ። ሽማግሌዎቹን አስቀምጣ አብልታ አጠጥታ፣ መሬቱን ለባዬ ምርቱን በእኩል ሊካፈሉ እንደሰጠችው ነገረቻቸው። ባዬ ዳልቻን ተቀብሎ፣ የራሱን የቀኝ በሬ ሸጦ፣ ከሊበን በኩል የግራ በሬ ገዝቷል።

ሌላ የቀኝ በሬ ያለው መቀናጆ አላገኘሁም። ቦራን ታኅሣሥ ላይ ቡሬ ገበያ ወስጄ ሸጥሁት። ለገዛው ሰው የግራ በሬ እንደሆነ ነገርሁት።